መኪናው ቀድሞ ገባ፣ ትራንስፎርመሩ ቀረ

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ (ዶ/ር) ኤሌክትሪክ ካልሆነ በቀር አውቶሞቢል ወደ ኢትዮጵያ እንደማይገባ አስታወቁ። ቀረጡም ቀድሞ ተስተካክሏል፦ ተገጣጥሞ ለሚመጣ የኤሌክትሪክ መኪና 15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመ 5 በመቶ፣ ተበታትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠም ዜሮ። መከራከሪያው አጭርና ማራኪ ነው። ነዳጅ በዶላር ይገዛል፣ ዶላር የለም፣ ግድብ ግን አለ፤ ስለዚህ መኪናው በዓባይ ይሂድ።

ሐሳቡን አልጠላውም። በየዓመቱ በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ለነዳጅ የሚያወጣ አገር ከዚህ ሸክም መውጫ መፈለጉ ትክክል ነው። የማልቀበለው ቅደም ተከተሉን ነው። ኃይል ማመንጨት አንድ ሥራ ነው፤ ኃይል ማድረስ ሌላ ሥራ ነው። አረንጓዴ የምንላቸው ፖሊሲዎች የመጀመሪያውን በሜጋ ዋት ይቆጥራሉ፣ ሁለተኛውን ግን ይደረስበታል እያሉ ያልፉታል። ቤት ውስጥ መብራት መኖር አለመኖሩን የሚወስነው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ብዙ ሰው የሚጠይቀው «የሕዳሴው ግድብ ለዚህ ሁሉ መኪና ይበቃል ወይ?» ብሎ ነው። ይበቃል፤ ስሌቱም አስቸጋሪ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በቀን 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በኪሎ ሜትር 0.17 ኪሎ ዋት ሰዓት ቢፈጅ ወደ 7 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል፤ ሲሞላ የሚባክነውን ጨምረን 8 እንበል። 100 ሺህ መኪና በቀን 800 ሜጋ ዋት ሰዓት ይፈልጋል ማለት ነው፤ በአማካይ 33 ሜጋ ዋት። የሕዳሴው ግድብ በዓመት ያመነጫል ተብሎ የተሰላው ወደ 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ 100 ሺህ መኪና ከዚያ ላይ የሚወስደው 2 በመቶ አይሞላም። እዚህ ላይ ፖሊሲ አውጪዎቹ ልክ ናቸው።

አሁን እነዚያው መኪኖች በአንድ ሰዓት ይሰኩ። ከ100 ሺህ ውስጥ አንድ አምስተኛው፣ ማለትም 20 ሺው፣ ማታ ቤቱ ገብቶ በ7 ኪሎ ዋት ቻርጀር ቢሰካ 140 ሜጋ ዋት ነው። ይህም አገር ላይ ተበትኖ የሚመጣ ጭነት አይደለም። መኪና መግዛት የሚችል ሰው በሚኖርባቸው ጥቂት ሰፈሮች፣ በጥቂት የ15 ኪሎ ቮልት መስመሮች፣ በጥቂት ምሰሶ ላይ በተሰቀሉ ትራንስፎርመሮች ላይ ይከመራል። ሰዓቱም ከምሽቱ 12 ሰዓት ተኩል እስከ 3 ሰዓት ተኩል ነው፤ ስቶቩ፣ የውኃ ማሞቂያው፣ ቴሌቪዥኑና መብራቱ ሁሉ አንድ ላይ በሚበራበት።

አንድ ትራንስፎርመር ወስደን እንየው። 200 ኬቪኤ (ኬቪኤ የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ ነው) የሚባለውን፣ 15 ኪሎ ቮልት ተቀብሎ ወደ ቤት ወደሚገባው 380 እና 220 ቮልት የሚያወርደውን። ፓወር ፋክተሩ፣ ማለትም ከዚያ አቅም ለሥራ የሚውለው ድርሻ፣ 0.9 ቢሆን በእውነተኛ ኃይል 180 ኪሎ ዋት ይሸከማል። 120 ቤት ያገለግላል እንበል፣ በምሽቱ ጭነት ቤቱ በአማካይ 1 ኪሎ ዋት ቢወስድ 120 ኪሎ ዋት ሆነ። እስካሁን ሰላም ነው። ከ120 ቤት 10ሩ ኤሌክትሪክ መኪና ቢገዙና በ7 ኪሎ ዋት ቢሰኩ 70 ኪሎ ዋት ተጨመረ፤ 190 ሆነ። ትራንስፎርመሩ ከአቅሙ አለፈ።

ይህ ግን ጭነቱ በሦስቱ ፌዝ፣ ማለትም ከትራንስፎርመሩ ኃይል ይዘው በሚወጡት ሦስት ሽቦዎች፣ እኩል ተከፋፍሎ ነው፤ በተግባር እንዲህ አይከፋፈልም። የቤት ቻርጀር በአብዛኛው በአንድ ፌዝ ነው የሚሠራው። እያንዳንዱ ፌዝ 60 ኪሎ ዋት ይችላል፣ 40ው በምሽቱ ጭነት ተይዟል፣ የቀረው 20 ነው። 7 ኪሎ ዋት የሚወስዱ ሦስት መኪኖች አንድ ፌዝ ላይ ከተገናኙ አለቀ። ከአሥሩ አምስቱ አንድ ፌዝ ላይ ቢውሉ ያ ፌዝ 75 ኪሎ ዋት ይጫናል፤ ከልኩ 25 በመቶ በላይ። የሌሎቹ ሁለት ፌዞች ቤቶች ደህና መብራት እያላቸው የዚያኛው ፌዝ ሰዎች አምፖላቸው ሲደበዝዝ ያያሉ። ለአንድ ትራንስፎርመር ስንት መኪና እንደተሰካና በየትኛው ፌዝ እንደሆነ ተመዝግቦ ካልተያዘ፣ ችግሩ የሚታወቀው ከተቃጠለ በኋላ ነው።

ሙቀቱ እንዴት እንደሚገድለው ማወቅ ጠቃሚ ነው። ትራንስፎርመሩ ውስጥ ባለው የሽቦ ጥቅል የሚፈጠረው ሙቀት ከኤሌክትሪኩ ፍሰት ጋር እኩል አያድግም፤ በስኩዌር ነው የሚያድገው። 25 በመቶ ተጨማሪ አምፔር ማለት 56 በመቶ ተጨማሪ ሙቀት ነው። ሽቦውን የሚሸፍነው ዘይት የጠጣ ወረቀት ነው፤ ከተሠራለት ሙቀት በላይ በየ6 ዲግሪው የወረቀቱ ዕድሜ በግማሽ ይቀንሳል ተብሎ ይሰላል። ወረቀቱ ሲደርቅና ሲሰባበር ከውጭ ምንም አይታይም። አንድ ቀን ዝናብ ሲመታው ወይም ከመስመሩ ላይ ሾርት ሲፈጠር ጥቅሉ ይንቀጠቀጣል፣ የደከመው ወረቀት ይቀደዳል፣ ትራንስፎርመሩ ይፈነዳል። ሰፈሩ «ዝናቡ አቃጠለው» ይላል። ዝናቡ የመጨረሻውን ምት ሰጠው እንጂ የገደለው የስድስት ወር ምሽት ነው።

ፊውዝ ለዚህ ነበር የተሠራው። ግን በየምሽቱ የሚበጠስ ፊውዝ ሰፈር ያስቆጣል፤ ቁጣው ሲበዛ የሚመጣው የተለመደ ጥፋት በልኩ ፊውዝ ፈንታ ወፍራም ሽቦ ማሰር ነው። ከዚያ ወዲህ ፊውዙ አይበጠስም፤ የሚበጠሰው ትራንስፎርመሩ ነው። ዋጋቸው ደግሞ አይገናኝም።

ሌላው ብዙ የማይወራለት ኒውትራል፣ ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት አራተኛው ሽቦ፣ ነው። ሦስቱ ፌዞች እኩል ሲጫኑ በኒውትራል ላይ የሚሄደው ኤሌክትሪክ ጥቂት ነው። ሲዛነፉ ልዩነቱ በሙሉ በኒውትራል ይመለሳል። ምሰሶ ላይ ያለው የኒውትራል መጋጠሚያ አልሙኒየምን ከመዳብ ጋር በቀጥታ ጠምዝዞ የታሰረ ከሆነ፣ ለሁለቱ ብረቶች የሚሆን መጋጠሚያ ካልገባበት፣ እርጥበት ሲነካው ይበሰብሳል፣ ይሞቃል፣ ይላላል። የላላ ቀን 220 ቮልት የነበረው ቤት ወደ 380 ሊጠጋ ይችላል፤ በተለይ ጥቂት የሚጠቀመው ፌዝ ላይ ያለው። ፍሪጅና ቴሌቪዥን በአንድ ምሽት በመንደር የሚቃጠለው በዚህ ምክንያት ነው። መኪና የሌለው ቤት የመኪናውን ዋጋ የሚከፍልበት አንዱ መንገድ ይህ ነው፣ እኔን ከሁሉ የሚያንገበግበኝም።

ሽቦውስ? ከትራንስፎርመሩ 500 ሜትር የራቀ ቤት፣ መስመሩ 50 ካሬ ሚሊ ሜትር አልሙኒየም ቢሆን፣ በኪሎ ሜትር 0.64 ኦም መከላከል አለው። አንድ መኪና በ32 አምፔር ሲሞላ፣ በፌዙ ሄዶ በኒውትራሉ ስለሚመለስ፣ 20 ቮልት መንገድ ላይ ይቀራል። አንድ መኪና ብቻ። ሽቦው 25 ካሬ ሚሊ ሜትር ከሆነ 38 ቮልት ይሆናል። ጎረቤት ሁለተኛ መኪና ሲሰካ የመስመሩ ጫፍ ላይ ያለው ሰው 170 እና 160 ቮልት ያያል፤ ስታቢላይዘር ይገዛል። ስታቢላይዘሩ ደግሞ ቮልቱን ከፍ ለማድረግ ከመስመሩ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፣ ቮልቱ ይበልጥ ይወርዳል፣ ሌላው ጎረቤትም ስታቢላይዘር ይገዛል።

ለዚህ ሁሉ የሚሰጠው መልስ «ሌሊት ሙሉ» የሚል ነው። ለአመንጪው ክፍል ጥሩ ምክር ነው፤ ሌሊት ተርባይኖቹ ሥራ ፈተው ያድራሉ። ለሰፈሩ ትራንስፎርመር ግን ግማሽ ምክር ነው። ያ ትራንስፎርመር ምሽቱን ከልኩ በላይ ተጭኖ እስከዛሬ የኖረው ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ነው። ዘይቱ ከሌሊቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ይበርዳል፣ ጠዋት ምጣዱ ሲጣድ ከቀዝቃዛ ይነሳል። ሌሊቱን በሙሉ በ7 ኪሎ ዋት ከሞላንበት ያቺን የእረፍት ሰዓት ወሰድንበት። ሌሊት መሙላት የሚጠቅመው በቀስታ ከሆነ ነው። ደግሞም 8 ኪሎ ዋት ሰዓት ለማግኘት 7 ኪሎ ዋት አያስፈልግም፤ በ10 አምፔር፣ ማለትም በ2.2 ኪሎ ዋት፣ በአራት ሰዓት ውስጥ ይሞላል። በ16 አምፔር ሲሞላ ልክ እንደ አንድ የእንጀራ ምጣድ፣ 3.5 ኪሎ ዋት ነው የሚወስደው። ምጣዱን መስመሩ ለምዶታል። ለቤት የሚገባ ቻርጀር ሁሉ በመጀመሪያ በ16 አምፔር እንዲገደብ፣ ከዚያ በላይ የፈለገ የሦስት ፌዝ ቆጣሪ እንዲያስገባና ትራንስፎርመሩ እንዲለካለት የሚል አንድ ገጽ መመሪያ ከመኪናው እገዳ ጋር አብሮ ቢወጣ ኖሮ ከላይ የዘረዘርኩት ግማሹ አይነሳም ነበር። የቤት ታሪፉም በፍጆታ መጠን እንጂ በሰዓት ስለማይለይ፣ ምሽት ላይ የሚሰካውን ሰው እስከ እኩለ ሌሊት እንዲጠብቅ የሚያደርገው የብር ምክንያት የለም።

ወደ ግድቡ እንመለስ፤ እዚያም ቁጥሩ የሚናገረውና ሰው የሚሰማው ይለያያልና። 5,150 ሜጋ ዋት የተተከለው አቅም ነው። 15,700 ጊጋ ዋት ሰዓቱን በዓመቱ 8,760 ሰዓታት ብናካፍለው በአማካይ 1,800 ሜጋ ዋት ገደማ ይወጣል፤ 35 በመቶ። ይህ የግድቡ ጉድለት አይደለም፤ የወንዙ ውኃ የሚበቃው ለዚያ ነው፣ ትርፉ አቅም ለጭነት ሰዓት ይሆናል። ግን 5,150ን ይዞ ለመኪናውም፣ ለፋብሪካውም፣ ለዳታ ማዕከሉም፣ ለኬንያም ቃል መግባት አንድን ውኃ ደጋግሞ መሸጥ ነው።

ከዚህ የሚብሰው የአሃዱ፣ ማለትም የአንዱ ተርባይን፣ መጠን ነው። ከ13ቱ ተርባይኖች 11ዱ እያንዳንዳቸው 400 ሜጋ ዋት ናቸው፣ ሁለቱ 375። ጭነቱ 2,000 ሜጋ ዋት በሆነ ሌሊት አንድ ተርባይን በሙሉ አቅሙ እየሠራ በድንገት ቢቆም የአገሪቱ አንድ አምስተኛ ኃይል በአንድ ሰከንድ ጠፋ ማለት ነው። ፍሪኩዌንሲው፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ቁጥር፣ ከ50 ኸርዝ መውረድ ይጀምራል። ሌሎቹ ጣቢያዎች ያንን 400 ሜጋ ዋት የሚሸፍን ተጠባባቂ እያሽከረከሩ ካልቆዩ፣ ሪሌዎቹ (በራሳቸው የሚቆርጡት መከላከያ መሣሪያዎች) ስርዓቱን ለማዳን ከተሞችን መቁረጥ ይጀምራሉ፤ በበቂ ፍጥነት ካልቆረጡ ጣቢያዎቹ ራሳቸውን ለማዳን ተራ በተራ ይወጣሉ፣ አገር ይጨልማል። ከግድቡ በደዴሳ በኩል ወደ ሆለታ የሚመጣው የ500 ኪሎ ቮልት መስመርም እንዲሁ ነው፤ ግዙፍ ኃይል በአንድ ኮሪደር። መፍትሔው ይታወቃል፦ የትልቁን ተርባይን ያህል ተጠባባቂ ሁልጊዜ መያዝ፣ ጊቤ 3ን የመሳሰሉትን በከፊል ጭነት ማሽከርከር። ይህ ገንዘብ ያስወጣል፣ ለሪባን መቁረጫም አይመችም።

ድርቁስ? ጊቤ 3 በታኅሣሥ 2009 ዓ.ም. በ1,870 ሜጋ ዋት ሲመረቅ የእጥረት ዘመን አበቃ ተብሎ ነበር። በግንቦት 2011 ዓ.ም. ውኃው ወርዶ ጉድለቱ 476 ሜጋ ዋት እንደሆነ ተነገረ፣ ፈረቃ ታወጀ፣ ለጎረቤት የሚሸጠውን እስከማቋረጥ ተደረሰ። በውኃ ላይ ብቻ የቆመ «አረንጓዴ» የሚደርሰው እዚህ ነው። የሚገርመው መድኃኒቱም አረንጓዴ መሆኑ ነው። በበጋ፣ ግድቡ በሚጎድልበት ጊዜ፣ ነፋሱ ይበረታል፤ ክረምት ሲገባ ነፋሱ ይደክማል፣ ግድቡ ይሞላል። ሁለቱ ይደጋገፋሉ። ፀሐይ ደግሞ ቀን ቀን ውኃ ያስቆጥባል፤ የተቆጠበው ውኃ ለምሽት ይሆናል። ግን ከነፋስ ጣቢያዎቻችን አዳማ 1 51፣ አዳማ 2 153፣ አሸጎዳ 120 ሜጋ ዋት ናቸው፤ ሦስቱ ተደምረው የሕዳሴውን አንድ ተርባይን አያህሉም።

የፀሐዩ ታሪክ ደግሞ ለጥርጣሬዬ ዋናው ማስረጃ ነው። በ2010 ዓ.ም. የመተሐራ 100 ሜጋ ዋት ፕሮጀክት ለጣሊያኑ ኤኔል ተሰጠ። በ2012 ዓ.ም. ጋድና ዲቼቶ ላይ እያንዳንዳቸው 125 ሜጋ ዋት ለሳዑዲው አክዋ ፓወር ተሰጡ፤ በኪሎ ዋት ሰዓት 2.526 የአሜሪካ ሳንቲም። ዋጋው ሲነገር ጭብጨባ ነበር። ሦስቱም አልተገነቡም። ፀሐዩ ስላልወጣ አይደለም። ኩባንያው ፓነሉን በዶላር ይገዛል፣ የሚከፈለው ከብር ነው፤ ብሩ ወደ ዶላር ሊለወጥለት እንደሚችልና በጊዜው እንደሚከፈለው ዋስትና ካላገኘ ባንክ አያበድረውም። ከሁሉ ርካሹ ዋጋ በወረቀት ላይ ያለው ነው፤ አንድ አምፖል ግን አያበራም። ጨረታን በዝቅተኛ ሳንቲም ማሸነፍን እንደ ስኬት መቁጠር ብናቆም ኖሮ፣ ምናልባት 4 ሳንቲም ከፍለን ዛሬ የሚሠራ ጣቢያ ይኖረን ነበር።

ቅደም ተከተል ሲገለበጥ የሚሆነውን ለማየት ብዙ ኢትዮጵያውያን ከሚኖሩበት ከደቡብ አፍሪካ የተሻለ ምሳሌ የለም። የኮማቲ የድንጋይ ከሰል ጣቢያ የመጨረሻው ዩኒት እ.አ.አ. በጥቅምት 2022 ተዘጋ። በሥፍራው 150 ሜጋ ዋት ፀሐይ፣ 70 ሜጋ ዋት ነፋስና 150 ሜጋ ዋት ባትሪ ይተካል ተባለ፣ የዓለም ባንክም 497 ሚሊዮን ዶላር ፈቀደ። ጣቢያው ያረጀ ነበር፣ መዘጋቱ አይቀርም ነበር። ግን ተተኪው ሳይተከል አሮጌው ቆመ፤ ቀጣዩ ዓመት፣ 2023፣ አገሪቱ በታሪኳ የከፋውን የመብራት ፈረቃ ያየችበት ሆነ። ያ ሁሉ ጨለማ የኮማቲ ጥፋት ነው ማለት ሐሰት ይሆናል፤ ኮማቲ በመጨረሻ የሚያመነጨው 121 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር፣ ጉድለቱ ግን በሺዎች የሚቆጠር ነበር። የሆነው ሌላ ነው። የጣቢያው ከተማ ሥራውን አጣ፣ ሕዝቡም «አረንጓዴ» የሚለውን ቃል ከጨለማ ጋር አያያዘው። ይህ እምነት አንዴ ከጠፋ በብድር አይመለስም።

እኛም ዘንድ ይኸው መንገድ ተጀምሯል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኤሌክትሪክ ተደራሽነት መርሐ ግብር እ.አ.አ. በ2025 ሁሉም ሰው፣ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ፣ ኤሌክትሪክ እንደሚያገኝ ይል ነበር። ዓመቱ አለፈ፤ ከሕዝቡ ግማሽ የሚጠጋው ገና አላገኘም። ያገኘውም ቤት መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ ከሰል ይመለሳል፣ ሱቁ ጀነሬተር ያስነሳል። ለመኪናው ያዳንነው ናፍጣ በጀነሬተሩ፣ ያዳንነው ጭስ በምድጃው ሲመለስ የትኛውም ሪፖርት አይቆጥረውም።

መኪናውን ለገዛ ሰው፣ ፖሊሲው እስኪደርስለት፣ የሚበጀው ይህ ነው። በግድግዳው ሶኬት ላይ ሌሊቱን በሙሉ አትሙሉ፤ ርካሽ ሶኬት 13 አምፔርን ለስምንት ሰዓት አይሸከምም፣ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ ይቀልጣል። ከብሬከር ሰሌዳው ለቻርጀሩ ብቻ የሚሆን መስመር ይዘርጋ፦ ለ32 አምፔር ቢያንስ 6 ካሬ ሚሊ ሜትር መዳብ፣ ከ25 ሜትር ከራቀ 10፣ ባለ 40 አምፔር ብሬከር፣ ኤሌክትሪክ ሲያፈተልክ በ30 ሚሊ አምፔር የሚቆርጥ አርሲዲ፣ የራሱ መሬት ውስጥ የተተከለ ዘንግ። ዘንጉን በሚለካ መሣሪያ አስለኩት፤ በደረቅ በጋ ኦሙ ይጨምራል፣ ስለዚህ በጥር ማስለካት ከሐምሌ ይሻላል። ከዚያ ማታ በ1 ሰዓት መልቲሜትር ይዛችሁ ቮልቱን ሳትሰኩና ሰክታችሁ ለኩ። ልዩነቱ ከ10 ቮልት ከበለጠ አምፔሩን በመኪናው ስክሪን ላይ ወደ 16 ወይም 10 አውርዱት፣ መሙላቱንም ከሌሊቱ 6 ሰዓት እንዲጀምር አዙሩት። ከመግዛታችሁ በፊትም የትራንስፎርመራችሁን ኬቪኤ ከጎኑ ከተጻፈው ሰሌዳ አንብቡ፤ ስንት ቤት እንደተቀጠለበት ምሰሶውን ተከትላችሁ ቁጠሩ።

ከመንግሥት የምጠብቀው የተለየ ቴክኖሎጂ አይደለም። በአዲስ አበባ በእያንዳንዱ የሰፈር ትራንስፎርመር ላይ ለአንድ ሳምንት ጭነት የሚመዘግብ መሣሪያ ይሰቀል። ከ80 በመቶ በላይ የተጫኑት በዝርዝር ይውጡ፣ ፌዛቸው የተዛነፈው ይስተካከል፤ ይህ ሽቦ ከአንዱ ፌዝ ወደ ሌላው ማዞር ነው፣ መሰላልና ግማሽ ቀን ይፈልጋል። 200ው ወደ 315 ኬቪኤ የሚቀየርበት ቀን ይጻፍ። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በዓመት የሚተክላቸው ትራንስፎርመሮች ቁጥር በጉምሩክ ከሚያልፉት ኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር ጎን ለጎን በአንድ ሰንጠረዥ ይውጣ፣ በየሩብ ዓመቱ፣ በክፍለ ከተማ ተለይቶ።